ናኖሽቦው ከስሌቱ 300 እጥፍ ሲቃወም፦ ጥፋቱ የኳንተም ነው?

ጥያቄው፦ «የማስተርስ ተማሪ ነኝ። 50 ናኖሜትር ውፍረት ያላቸው የሲሊከን ናኖሽቦዎች በወርቅ ጠብታ አሳድጌ ሬዚስታንሳቸውን ለካሁ። በሁለቱ ኮንታክቶች መካከል ያለው ርዝመት 1 ማይክሮሜትር ነው። ሽቦዎቹ ሲያድጉ ቦሮን ጨምሬባቸዋለሁ፤ ከጋዙ ምጥጥን ተነስቼ በኩቢክ ሴንቲሜትር 10¹⁷ ቦሮን እንዳለ አስልቻለሁ። በመማሪያ መጽሐፍ ቀመር መሠረት 1 ሜጋኦም ያህል ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ግን 300 ሜጋኦም ገደማ ነው። የቮልቴጅና የከረንቱ መስመር ቀጥ ያለ ስለሆነ ኮንታክቶቼ ደህና ናቸው። ሽቦው ቀጭን በመሆኑ ኳንተም ኮንፋይንመንት ባንድ ጋፑን አስፍቶታል ብዬ ቴሲሴ ላይ ልጽፍ ነው። ትክክል ነኝ?»

አይደሉም። ይህን አረፍተ ነገር ቴሲስዎ ውስጥ ካስገቡት፣ ነገሩን የሚያውቅ ፈታኝ መጀመሪያ በቀይ የሚያሰምረው እሱን ነው። 300 ሜጋኦሙ ራሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ከቁጥሩ ተነስተው ኳንተም ላይ የዘለሉት ዝላይ ነው። በመሃል ሳይፈተሹ የታለፉ ሁለት ግምቶች አሉ፤ የቦሮኑ መጠንና የኮንታክቱ ጤንነት። እኔ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ግን ጥያቄዎ ላይ ጭራሽ ያላነሱትን ነገር ነው፤ የሽቦውን ገጽ።

መጀመሪያ ኳንተሙን ሚዛን ላይ እናስቀምጠው። ባንድ ጋፕ ማለት ኤሌክትሮን ከእስሩ ተላቅቆ ከረንት እንዲሸከም የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ጉልበት ነው። ኤሌክትሮን ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲታሰር ዝቅተኛው ጉልበቱ ከፍ ይላል፤ ባንድ ጋፑም በዚያው ልክ ይሰፋል። ይህ እውነት ነው። ዋናው ነገር ምን ያህል ከፍ ይላል የሚለው ነው። በሲሊከን ውስጥ የኤሌክትሮኑን ውጤታማ ክብደት የነጻ ኤሌክትሮን 0.26 አድርገን፣ ክብ ሽቦ ብለን እናስላው። 50 ናኖሜትር ላይ ጭማሪው 1.4 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ያህል ይሆናል። ለሆልም (ኤሌክትሮን ሲጎድል ለሚቀረው፣ እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ ለሚንቀሳቀሰው ክፍት ቦታ) ቢሰላ ከጥቂት ሚሊኤሌክትሮንቮልት አያልፍም። በክፍል ሙቀት ደግሞ ሙቀት ብቻውን የሚያድለው ጉልበት 26 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ነው። ጫጫታ መሃል የተሰማ ሹክሹክታ ይመስላል።

ጭማሪው የሚያድገው ውፍረቱ ሲቀንስ ነው፤ ያውም በካሬ። ውፍረቱ ግማሽ ሲሆን ጭማሪው አራት እጥፍ ይሆናል። 5 ናኖሜትር ላይ ቢደርሱ ወደ 140 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ይጠጋል፤ ያኔ ወሬው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ልኬት ይህን ጥርት አድርጎ ያሳያል። በስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ ሲለኩ፣ 7 ናኖሜትር ውፍረት ያለው የሲሊከን ናኖሽቦ ባንድ ጋፕ 1.1 ኤሌክትሮንቮልት ሆነ። ይህ የተራው ሲሊከን ቁጥር ነው። 1.3 ናኖሜትር ላይ ግን 3.5 ደረሰ። እንግዲህ 7 ናኖሜትር ላይ ንቅንቅ ያላለ ባንድ ጋፕ፣ 50 ናኖሜትር ላይ የሚሰፋበት ምክንያት የለም።

ሌላም አለ፤ ይሄኛውን ደግሞ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባንድ ጋፑ በእርግጥ ሰፍቶ ቢሆን እንኳ የእርስዎን ሬዚስታንስ እንደዚያ አያሳድገውም። ባንድ ጋፕ የሚወስነው ንጹሕ ሲሊከን በሙቀት ብቻ ምን ያህል ኤሌክትሮንና ሆል እንደሚያፈልቅ ነው። የእርስዎ ሽቦ ንጹሕ አይደለም። ሆሎቹ የሚመጡት ከቦሮን ነው። ቦሮን ሆሉን ለመልቀቅ የሚፈልገው 45 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ብቻ ነው። ጋፑ ሰፋ ጠበበ ግድ የለውም።

ሽቦዎ ኢንዲየም አርሰናይድ የተባለው ሌላ ሴሚኮንዳክተር ቢሆን ኖሮ ትንሽ እረጋጋ ነበር። እዚያ ኤሌክትሮኑ በጣም ቀላል ስለሆነ፣ ያው 50 ናኖሜትር ላይ ጭማሪው 15 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ይደርሳል፤ 20 ናኖሜትር ላይ ከ90 ያልፋል። በኢንዲየም አርሰናይድ የተሠራ ጽሑፍ አንብቦ ድምዳሜውን ለሲሊከን ማልበስ የተለመደ ወጥመድ ነው። ልኩ የሌላ ሰው ልብስ ነው።

አሁን ወደ ቆጠራ። በኩቢክ ሴንቲሜትር 10¹⁷ ሲባል ብዙ ይመስላል። እስቲ በ1 ማይክሮሜትር ሽቦዎ ውስጥ ስንት የቦሮን አቶም እንዳለ ይቁጠሩ። የሽቦውን ይዘት በ10¹⁷ ያባዙት። 196 ይመጣል። አዎ፣ ሁለት መቶ እንኳ አይሞላም። ያንን ሁሉ ከረንት እንዲሸከሙልዎ የሚጠብቋቸው ሆሎች እነዚህ ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ ገጹን ይቁጠሩ። የዚያው 1 ማይክሮሜትር ሽቦ የውጭ ገጽ 157,000 ካሬ ናኖሜትር ያህል ነው። አየር ላይ ተቀምጦ በራሱ ኦክሳይድ የለበሰ ሲሊከን በካሬ ሴንቲሜትር 10¹² ያህል የቻርጅ ወጥመድ ቢኖረው የሚያስገርም አይደለም። ይህ ወደ እርስዎ ሽቦ ሲመነዘር 1,570 ወጥመድ ነው። 196 ሆል፣ 1,570 ወጥመድ። ከስምንት ወጥመድ አንዱ ሥራውን ከሠራ ለከረንት የሚተርፍ ሆል የለም።

ወጥመድ የምለው ምንድን ነው? ሲሊከን ውስጥ እያንዳንዱ አቶም አራት ጎረቤት አለው። ገጹ ላይ ግን ጎረቤት ያጣ አለ፤ አንድ እጁ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ኦክሳይዱ ብዙዎቹን እጆች ይይዛል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። የቀሩት ሆል ይዘው ያስቀምጣሉ። የተያዘው ሆል ገጹን ፖዘቲቭ ያደርገዋል፤ ሽቦው ውስጥ የቀሩትን ሆሎችም ይገፋቸዋል። ኦክሳይዱ ራሱ ውስጥ የተቀበረ ፖዘቲቭ ቻርጅ ካለ ጉዳቱ ይደረባል። በዚህ ዓይነት ሽቦው ከገጹ ጀምሮ ወደ ውስጥ ባዶ እየሆነ ይሄዳል።

ወፍራም ሲሊከን ላይም ያው ነገር ይፈጸማል። እዚያ ግን ማንም አያስተውለውም። በ10¹⁷ ዶፒንግ (በተጨመረ ቦሮን መጠን)፣ ገጹ ላይ ግማሽ ቮልት ያህል ልዩነት ካለ፣ ሆል አልባው ሽፋን 80 ናኖሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ግማሽ ሚሊሜትር ለሚወፍር ዋፈር (የሲሊከን ዝርግ ሳህን) 80 ናኖሜትር ከቁም ነገር አይገባም። የእርስዎ ሽቦ ግን ከገጹ እስከ እምብርቱ ያለው 25 ናኖሜትር ብቻ ነው። የመጽሐፉ ቀመር የተጻፈው ለዋፈሩ ነው። ቀመሩ አልዋሸም፤ ያለ ቦታው ነው የገባው።

ይህ ሲባል ሁሉም ሴሚኮንዳክተር ገጹ ላይ ባዶ ይሆናል ማለት አይደለም። ኢንዲየም አርሰናይድ ተቃራኒው ነው፤ ገጹ ኤሌክትሮን ይሰበስባል። ስለዚህ ምንም ሳይጨመርበት እንኳ ያስተላልፋል። ጋሊየም አርሰናይድ ደግሞ እንደ እርስዎ ሽቦ ባዶ የመሆን ልማድ አለው፤ እንዲያውም ይብሳል።

እዚህ ላይ ራሴን አንድ ነገር ልሞግት። ገጹ ሽቦውን ከውጭ እየላጠ መሃሉ ላይ አስተላላፊ እምብርት ብቻ አስቀርቷል ብንል፣ 300 እጥፍ ለማግኘት እምብርቱ ስንት መሆን አለበት? ሬዚስታንሱ የሚሄደው በራዲየሱ ካሬ ስለሆነ ራዲየሱ በ17 መከፈል ይኖርበታል። 25 ናኖሜትር ወደ 1.4 ናኖሜትር ይወርዳል። እንዲህ ልክክ ብሎ የተላጠ ሽቦ ይኖራል ብዬ አላምንም። ከዚህ ሁለት ነገር እገምታለሁ። ወይ ሽቦው ጨርሶ ባዶ ሆኖ የቀረው ትራፊ ብቻ ነው፤ ወይ ደግሞ 300ው የብዙ ወንጀለኞች የጋራ ሥራ ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

አንደኛው ተባባሪ የቦሮንዎ መጠን ነው። የጋዙ ምጥጥን የአቶሙ ምጥጥን አይደለም። በወርቅ ጠብታ ሲያድግ ቦሮን በሁለት በር ይገባል። አንዱ በጠብታው በኩል ወደ ሽቦው ውስጥ ነው። ሌላው ደግሞ ጎን ለጎን በሽቦው ግድግዳ ላይ በሚቀመጠው ሲሊከን በኩል ነው። ዳይቦሬን የተባለውን የቦሮን ጋዝ ከተጠቀሙ የግድግዳው እድገት ይፈጥናል፤ ሽቦው ከሥሩ ወፍሮ ከጫፉ ይቀጥናል። ያኔ ዶፒንጉ ከሥር እስከ ጫፍ፣ ከመሃል እስከ ዳር አንድ አይሆንም። ሽቦዎችዎን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው ከሆነ እንደ ካሮት ሾጠጥ ብለዋል ወይስ ቀጥ ያሉ ናቸው? ይህን ሳያዩ 10¹⁷ ብሎ መጻፍ ግምትን እንደ ልኬት ማቅረብ ነው። እውነተኛው ቁጥር 10¹⁶ ቢሆን ያለዎት ቦሮን 20 ነው። 10¹⁸ ቢሆን ወደ 2,000 ይደርሳል፤ ያኔ ከ1,570 ወጥመድ ጋር የሚፎካከር ነገር አለ። አንዲት ዜሮ ታሪኩን በሙሉ ትቀይረዋለች።

ሽቦ ሲቀጥን ቦሮን ራሱ ሆሉን መልቀቅ እንደሚከብደው የሚያነቡበት ቦታም ይኖራል። ትክክል ነው። በሲሊከን ውስጥ የነበረው የኤሌክትሪክ ጥላ ከሽቦው ውጭ ባለው አየር ስለሚሳሳ፣ አቶሙ ሆሉን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ነገር ግን ይህ የሚጎላው ከእርስዎ በቀጠኑ ሽቦዎች ላይ ነው። የተጠርጣሪዎች ዝርዝር ላይ ይግባ፤ መጀመሪያ ግን አይጠራ።

ሁለተኛው ተባባሪ ኮንታክቱ ነው። «መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ ኮንታክቱ ደህና ነው» የሚለውን ዛሬውኑ ይተዉት። ቀጥ ያለ መስመር የሚለው ሬዚስታንሱ ከቮልቴጅ ጋር አይለዋወጥም ነው። ትንሽ ነው አይልም። በብረቱና በሽቦው መካከል 1 ወይም 2 ናኖሜትር ኦክሳይድ ቀርቶ ከሆነ፣ ከረንቱ በተነሊንግ፣ ማለትም ቀጭኑን ግድግዳ በኳንተም መንገድ ሾልኮ ያልፋል፤ በዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ይላል። ለመሆኑ እስከ ስንት ቮልት ነው የለኩት? ከ10 ሚሊቮልት ካላለፉ የሚታጠፍ መስመር የለም። ማንኛውም ጠመዝማዛ መንገድ አንድ እርምጃ ብቻ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው።

ስለዚህ ከትርጉም በፊት ልኬቱን ማጽዳት አለብዎት። አንድ ረጅም ሽቦ ይምረጡ። በላዩ ላይ ቢያንስ አምስት ኮንታክት ያስቀምጡ፤ ክፍተቶቹ ይለያዩ፤ ግማሽ፣ 1፣ 2፣ 4 ማይክሮሜትር ይሁኑ። የእያንዳንዱን ክፍተት ሬዚስታንስ በርዝመቱ ላይ ይሳሉት። የመስመሩ ዳገት የሽቦው ነው። መስመሩ ርዝመት ዜሮ ላይ የሚቆርጠው ቁጥር ደግሞ የሁለቱ ኮንታክቶች ነው። 300ው ለማን እንደሚገባ በአንድ ሥዕል ይለያል። እንደ ካሮት የሾጠጠ ሽቦ ላይ ግን ይህ ዘዴ ያሳስታል፤ ውፍረቱ ራሱ ከርዝመቱ ጋር ይቀየራላ።

ባለ አራት ኮንታክት ልኬትም መልካም ነው፤ አንድ ጉድ ግን አለው። ተራ መልቲሜትር ቮልቴጅ ሲለካ የራሱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜጋኦም ነው። በመቶ ሜጋኦም የሚቆጠር ሽቦ ላይ ሲያስሩት ከረንቱ በሽቦው ሳይሆን በሜትሩ በኩል ይሄዳል። የሚያነቡት የሽቦውን ሳይሆን የመልቲሜትሩን ነው። ለዚህ ኤሌክትሮሜትር፣ ማለትም ውስጣዊ ሬዚስታንሱ እጅግ ትልቅ የሆነ መለኪያ ያስፈልጋል። ሽቦ የሌለበት ባዶ የኮንታክት ጥንድም ይለኩ። እሱ ራሱ ጊጋኦም ካልደረሰ ከረንትዎ በሥሩ ባለው ኦክሳይድ በኩል እየሾለከ ነው ማለት ነው።

መብራት ያጥፉ። ይህን በትልቁ ይጻፉልኝ። እኔ ራሴ በተማሪነቴ የአንድ ሽቦ ሬዚስታንስ ከሰዓት በኋላ ለምን እንደሚቀንስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስመራመር ከርሜያለሁ። ለካ ከሰዓት የሚመጣው ጓደኛዬ የማይክሮስኮፑን መብራት አብርቶ ይተወው ነበር። ናኖሽቦ ላይ ብርሃን ሲያርፍ አንዱ ቻርጅ ገጹ ላይ ይያዛል። ሌላው ደግሞ ተጓዳኙን አጥቶ ሽቦው ውስጥ ደጋግሞ ይመላለሳል። ትንሽ ብርሃን ብዙ ከረንት ይሰጣል። ወጥመዶቹ የያዙትን እስኪለቁ ድረስ ደግሞ ውጤቱ መብራቱ ከጠፋ በኋላም ይቆያል። ሽቦው ጨለማ ውስጥ፣ ቢቻል ቫኪዩም ውስጥ፣ አድሮ ይለካ። የአየሩ እርጥበትም የራሱን ቻርጅ ገጹ ላይ ስለሚጥል ቫኪዩሙ ቅንጦት አይደለም። ደግሞ ቺፑን ከመንካትዎ በፊት የእጅ ማሰሪያ ምድር ሽቦዎን ያድርጉ። ከሰውነትዎ የሚዘልል የስታቲክ ቻርጅ ብልጭታ ሽቦውን ያተነዋል፤ «ሬዚስታንሱ ማለቂያ የለውም» የሚል አስደናቂ ውጤትም ያገኛሉ።

ቺፑ የኋላ ጌት (ከሽቦው ሥር ሆኖ ቮልቴጅ የሚሰጥበት ኤሌክትሮድ) ካለው ይጠቀሙበት። ጌቱ ላይ ኔጋቲቭ ሲሰጡ ከረንቱ በብዙ እጥፍ ካደገ፣ ሽቦው ባዶ ሆኖ እንደነበረና ሆል ሲመለስለት እንደነቃ ጥሩ ምልክት ነው። ምልክት አልኩ እንጂ ማስረጃ አላልኩም፤ ጌቱ ኮንታክቱንም ስለሚነካ። የጌቱን ቮልቴጅ ወደ ላይም ወደ ታችም እየቀየሩ ይለኩ። ሁለቱ መስመሮች ካልተደራረቡ ወጥመዶቹ እየሞሉና እየፈሰሱ ነው። ከዚህ ሞቢሊቲ (ቻርጁ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚንቀሳቀስ) ሊያሰሉ ከፈለጉ በካፓሲታንሱ ቀመር እንዳይሸወዱ። የተለመደው ቀመር ሽቦው በኦክሳይድ ውስጥ ተቀብሯል ብሎ ያስባል። የእርስዎ ሽቦ ግን ኦክሳይዱ ላይ ተጋድሟል፤ ዙሪያው አየር ነው። ለሲሊከን ዳይኦክሳይድ 3.9 በሚለው ፈንታ 2.2 ያስገቡ፤ ለክብ ሽቦ ወደ እውነቱ የሚጠጋው እሱ ነው። ያለበለዚያ ካፓሲታንሱ ወደ ሁለት እጥፍ ይጋነናል፤ ሞቢሊቲዎ በዚያው ልክ ያንሳል።

አሁን ገጹን ስለማከም። እንደ መጽሐፉ ከሆነ ኦክሳይዱን አጥቦ፣ በከፍተኛ ሙቀት ንጹሕ ኦክሳይድ አብቅሎ፣ 400 እስከ 450 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሃይድሮጅን ባለበት ጋዝ ማሞቅ ነው። ለጥ ባለ ዋፈር ላይ ይህ ወጥመዱን ወደ 10¹⁰ ያወርደዋል። ለእርስዎ ግን አልመክረውም። አንደኛ፣ ቦሮን ኦክሳይዱን ይወዳል። ኦክሳይዱ ሲበቅል ቦሮኑን ከሲሊከኑ ይስበዋል፤ ያሉዎት ደግሞ 196 ናቸው። ሁለተኛ፣ ኦክሳይድ ሲበቅል ሲሊከን ይበላል። 10 ናኖሜትር ኦክሳይድ 4.4 ናኖሜትር ሲሊከን ይፈልጋል፤ ከሁለቱም ጎን ሲቆጠር 50 የነበረው 41 ይሆናል። ሦስተኛ፣ ጫፉ ላይ የቀረ ወርቅ ካለ በዚያ ሙቀት ሽቦው ውስጥ ይሮጣል። ወርቅ ደግሞ ሲሊከን ውስጥ ከባንድ ጋፑ መሃል አጠገብ የሚቀመጥ ክፉ ወጥመድ ነው። አንድ ችግር ሊፈቱ ገብተው ሦስት ይዘው ይወጣሉ።

የምመክረው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ወርቁን በአዮዲንና ፖታሲየም አዮዳይድ ብጥብጥ ያንሱት። የበቀለውን ኦክሳይድ በቀጭን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያጥቡት። ሳይውሉ ሳያድሩ፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ በአቶሚክ ሌየር ዲፖዚሽን (አንድ ስስ ንጣፍ በሌላው ላይ እየደረቡ በማልበስ) ጥቂት ናኖሜትር አሉሚኒየም ኦክሳይድ ያልብሱት። ከዚያ 400 ዲግሪ አካባቢ ያሙቁት። ይህ ሽፋን ወጥመዱን ይቀንሳል። በዚያ ላይ በውስጡ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይዞ ይቀመጣል፤ ለእርስዎ ዓይነት ሆል ለሚሸከም ሽቦ የተመቸ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን እዚሁ ላይ ነው። ኔጋቲቭ ቻርጁ ራሱ ተጨማሪ ሆል ይጠራል። ሬዚስታንሱ ከ1 ሜጋኦም በታች ቢወርድ «ዶፒንጌ ከጠበቅኩት በላይ ነበር» ብለው እንዳይጽፉ። የሽፋኑ ስጦታ ነው።

ስለ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አንድ ቃል፤ ይሄኛው የቀልድ አይደለም። ቀጭኑ አሲድ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል። ሰው ምንም አልሆንኩም ብሎ ይተወዋል። ከሰዓታት በኋላ ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ከአጥንትና ከደም ካልሲየም ይነጥቃል፤ ልብ እስከማቆም ይደርሳል። ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገብዎ ሳይኖር ጠርሙሱን አይክፈቱ። ብቻዎን አይሥሩ። ጠብታ ከነካዎት ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠቡ፤ ጄሉን እየቀቡ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ባያምዎትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይለይ ነገር ይቀራል። በአንድ ውፍረት ብቻ የገጹን ጥፋት ከዶፒንጉ ማነስ መለየት አይቻልም። ሁለቱም ከረንቱን ይቀንሳሉ። የሚለያቸው ውፍረት ነው። ዶፒንጉ ብቻ ቢያንስ ኮንዳክታንሱ (የሬዚስታንስ ግልባጭ) ሽቦው ተቆርጦ ሲታይ ካለው የፊት ስፋት (ኤሪያ) ጋር እኩል እያደገ ከዜሮ የሚነሳ መስመር ይሰጣል። ገጹ ከሆነ ግን ከተወሰነ ውፍረት በታች ሽቦው ድርግም ይላል። ያ ውፍረት በቀላሉ ይሰላል፤ የገጹን ወጥመድ በ4 አባዝተው ለዶፒንጉ ያካፍሉ። 10¹² ወጥመድና 10¹⁷ ዶፒንግ ካለ 400 ናኖሜትር ይመጣል። 10¹⁸ ዶፒንግ ካለ 40 ይሆናል። ስለዚህ ከቻሉ 30፣ 50፣ 80፣ 120 ናኖሜትር ሽቦዎች ያሳድጉ። ከእያንዳንዱ ውፍረት ቢያንስ አስር ይለኩ። 196 አቶም ላይ የዕድል መዋዠቅ ብቻውን 7 በመቶ ያህል ነው፤ 20 አቶም ላይ ከ20 በመቶ ያልፋል። ከአስሩ ያማረችውን መርጦ ማተም ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ አያምርም።

ኳንተም በናኖሽቦ ውስጥ የለም እያልኩ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። አጭር ሽቦ፣ ቀላል ኤሌክትሮን፣ ከፍተኛ ቅዝቃዜ ሲገናኙ ኮንዳክታንሱ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የመጀመሪያው ደረጃ 12.9 ኪሎኦም ላይ ነው። ከእርስዎ 300 ሜጋኦም ጋር ያስተያዩት። ያንን ለማየት ቻርጁ ሳይጋጭ ከዳር እስከ ዳር መሻገር አለበት። በእርስዎ ሽቦ፣ በክፍል ሙቀት፣ ሆሉ በየ10 ናኖሜትሩ ገደማ ይጋጫል። 1 ማይክሮሜትር ለመሻገር መቶ ጊዜ ይደናቀፋል። ለዚህ ሙያ የተሻሉ ሰዎችም በኳንተም ማማር ተስበው ወድቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኢንዲየም አንቲሞናይድ ናኖሽቦ ላይ የታየ አንድ ዝነኛ የኮንዳክታንስ ደረጃ ብዙ አስወርቶ ነበር። ጽሑፉ በ2021 በራሳቸው በጸሐፊዎቹ ተሰርዟል።

ቴሲሱ ላይ ምን ይጻፍ? ጊዜ ከሌለዎት ቢያንስ የጨለማውንና የርዝመቱን ልኬት ሠርተው፣ ኮንታክቱን ቀንሰው፣ የቀረውን ቁጥር ያስቀምጡ። ከዚያ በታች «የቀረው ሬዚስታንስ ከገጽ ወጥመድ ጋር የሚስማማ ነው፤ ዶፒንጉ በቀጥታ አልተለካም» ይበሉ። ጊዜ ካለዎት አሉሚኒየም ኦክሳይዱን ያልብሱ፤ ከመልበሱ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ጎን ለጎን ያሳዩ። ባንድ ጋፕ የሚለውን ቃል ከዚያ ምዕራፍ ያውጡት። ከሁሉ በፊት ግን ነገ ጠዋት ያንኑ ሽቦ መብራት አጥፍተው፣ እስከ 1 ቮልት ድረስ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩት። መስመሩ ከታጠፈ ኮንታክቱን ያድሱ፤ ናኖሽቦ ማሳደጉን ለጊዜው ይተዉት።